«ኮዴን ጊትሃብ ላይ ባወጣው በምን እበላለሁ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በስልክ ቆራርጬ መመለስ ስላልፈለግኩ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ሁለት ዓመት ለፍታ የፋርማሲ ፕሮግራም ሠርታለች። ክምችት ይይዛል፣ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ያስታውሳል፣ ሽያጭና ሪፖርት ያወጣል። ላራቬል በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ ነው የተጻፈው። የኢትዮጵያን ዘመን መቁጠሪያ የሚቀይረውን ክፍልም ራሷ ጽፋዋለች። አራት ፋርማሲዎች ይጠቀሙበታል። ጓደኛዋ «ኦፕን ሶርስ አድርጊው» አላት፣ ማለትም ኮዱን (የፕሮግራሙን ጽሑፍ) ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለሰው ሁሉ ክፈቺው። እሷ ደግሞ ኦፕን ሶርስ ማለት በነፃ ማለት ነው ወይ፣ የቱ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ይሻለኛል፣ ሰው መርካቶ ወስዶ ቢሸጠውስ፣ ከዚያ በኋላስ በምን እበላለሁ ብላ ጠየቀች።

እኔ በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሊሆነኝ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ጭኛለሁ፣ ኢአርፒ (የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) አስተካክያለሁ፣ የመጋዘን ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ቤቴን የማስተዳድረው በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ጽፈው ክፍት ባደረጉት ኮድ ነው። ስለዚህ «መብላት ይቻላል ወይ» ለሚለው መልሴ አዎ ነው። ግን ገንዘቡ የሚመጣው ሰው ከሚያስበው ቦታ አይደለም፣ ላይሰንሱን ከመምረጥሽ በፊትም ያንን ማወቅ አለብሽ።

ከቃሉ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኛ አገር ብዙ ድርድር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ነፃ» እና «በነፃ» የሚለያዩት በአንዲት «በ» ነው። ኦፕን ሶርስ ነፃ ነው፣ በነፃ መሆን ግን ግዴታው አይደለም። በነፃ ማለት አይከፈልበትም ማለት ነው። ነፃ ማለት ደግሞ ያገኘው ሰው ለፈለገው ሥራ ይጠቀምበታል፣ ኮዱን ከፍቶ ያነባል፣ ይቀይራል፣ ለሌላ ይሰጣል ወይም ይሸጣል ማለት ነው። በአንድ መቶ ሺህ ብር ሸጠሽ የምታስረክቢው ፕሮግራም ነፃ ሊሆን ይችላል። ያለ ምንም ክፍያ ስልክሽ ላይ ያወረድሽው አፕ ደግሞ ቅንጣት ነፃነት ላይኖረው ይችላል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ካወቅሽ ላይሰንሶቹ ለምን እንደዚያ እንደተጻፉ ይገባሻል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው አሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ነበር። የዜሮክስ ፕሪንተራቸው ወረቀት እየያዘ አስቸገራቸው። ፕሪንተሩ በተዘጋ ቁጥር ለሰዎቹ መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን ላስተካክል ሲል ኮዱን ከለከሉት። በእጁ ያለን ዕቃ መጠገን ተከለከለ ማለት ነው። በ1983 ነፃ ፕሮግራሞችን የሚጽፈውን የግኑ ፕሮጀክት ጀመረ፣ በ1989 ጂፒኤል የሚባለው ላይሰንስ ወጣ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ላይ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሆኖ ሊኑክስን (ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ መሠረታዊ ፕሮግራም) አወጣ። ልብ በይ፣ ሊኑክስ መጀመሪያ የወጣበት ላይሰንስ በገንዘብ ማሠራጨትን ይከለክል ነበር። በ1992 ወደ ጂፒኤል ሲቀየር መሸጥ ተፈቀደ። እኔ እንደማምነው ለሊኑክስ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። «አይሸጥም» ቢባል ኖሮ የተማሪዎች መጫወቻ ሆኖ በቀረ ነበር። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው በ1998 ነው፣ ኔትስኬፕ የተባለው ድርጅት የብሮውዘሩን (የድረ ገጽ መክፈቻውን) ኮድ እከፍታለሁ ባለ ሰሞን። ስሙን ያመጣችው ክሪስቲን ፒተርሰን ናት። እንግሊዝኛውም ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል ሰውን ያምታታ ነበርና።

አሁን ላይሰንስ። ኮድ ስትጽፊ የቅጂ መብቱ እዚያው ያንቺ ይሆናል፣ የትም ሄደሽ መመዝገብ አያስፈልግሽም። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጨምራል (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ ላይሰንስ ማለት «ይህ የእኔ ነው፣ አንተ ግን እንዲህና እንዲህ ማድረግ ትችላለህ» የሚል የፈቃድ ወረቀት ነው። ጊትሃብ ላይ ላይሰንስ የሌለው ኮድ ካየሽ ኦፕን ሶርስ አይደለም። ታያለሽ እንጂ ወስደሽ የራስሽ ሥራ ውስጥ ማስገባት አትችይም። እዚህ ግሩፕ ላይ «ፐብሊክ ስለሆነ ወሰድኩት» የሚል በየሳምንቱ አነባለሁ። እባካችሁ ተዉ። ነገ ደንበኛ ፊት የሚያዋርድ ነገር ነው።

የላይሰንስ ዓይነት ብዙ ቢሆንም በሥራ ላይ የሚገጥምሽ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ለቀቅ ያለ ነው። ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ 2.0 የሚባሉት ላይሰንሶች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። «ውሰድ፣ የፈለግከውን አድርግ፣ ብትፈልግ ዝጋው፣ ብቻ ስሜንና ይህችን ወረቀት አታጥፋ፣ ቢበላሽብህም አትክሰሰኝ» ነው ነገሩ። አፓቺ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጉዳይንም ይጨምራል። ላራቬል ኤምአይቲ ነው፣ ስለዚህ በሱ ተጽፎ ተዘግቶ የተሸጠ ፕሮግራም ሞልቷል።

ሁለተኛው ወገን ጂፒኤልና ቤተሰቦቹ ናቸው። እነዚህን ሳስረዳ ሁልጊዜ እርሾ እላለሁ። ጎረቤት እርሾ ሰጥታሽ ሊጥሽ ውስጥ ከጨመርሽው ቡሖው በሙሉ በሷ እርሾ የቦካ ነው፣ ለይተሽ ልታወጪው አትችይም። እንጀራውን መሸጥ ትችያለሽ። ነገር ግን እንጀራሽን የገዛ ሰው «እርሾውንም ስጪኝ፣ እኔም ልጋግር» ካለሽ አትከለክይውም፣ እርሾው መጀመሪያ ለአንቺ የተሰጠሽ በዚህ ቃል ነው። ጂፒኤል እንደዚያ ነው። ፕሮግራሙን ለሰጠሽው ሰው ኮዱን ከነመብቱ ትሰጪያለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለዓለም ሁሉ አውጪ አይልም። ፕሮግራሙ ለደረሰው ሰው ነው የሚለው። ለራስሽ ቀይረሽ ቢሮሽ ውስጥ ብትጠቀሚበት ማንም አይጠይቅሽም። በራስሽ ሰርቨር አስቀምጠሽ ሰው በብሮውዘር ቢጠቀምም አይጠየቅም፣ ቅጂ አልሰጠሽምና። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ኤጂፒኤል ነው። ኮዱን ቀይረሽ በኔትወርክ ሰው ካስጠቀምሽበት፣ ለሚጠቀሙት ሰዎች ኮዱን ማቅረብ አለብሽ ይላል። ኤልጂፒኤል ደግሞ ላላ ይላል፣ ላይብረሪውን (ፕሮግራምሽ ውስጥ የምታስገቢውን ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ብቻ ክፍት አድርገሽ የራስሽን መዝጋት ትችያለሽ።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስልሽ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አስመጪ ድርጅት የመጋዘንና የደረሰኝ ፕሮግራም ሠራሁ። ውሉ «ኮዱ ሙሉ በሙሉ የድርጅቱ ብቻ ንብረት ይሆናል» ይላል፣ እኔም ሳላስብ ፈርሜያለሁ። ሐሳባቸው ቆልፈው ለእህት ድርጅቶቻቸው መሸጥ ነበር። ርክክብ ሊሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠበቃቸው ውስጡ ያሉትን ላይብረሪዎች ከነላይሰንሳቸው ዘርዝርልኝ አለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ተርሚናል (ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ «ኮምፖዘር ላይሰንስስ» የምትለውን ትእዛዝ ሰጠሁና ዝርዝሩ ወጣ። ሁሉም ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲ፣ አፓቺ እያለ ሄዶ ሄዶ አንዷ መስመር ላይ ጂፒኤል 2 አለ። የአማርኛውን ደረሰኝ በፒዲኤፍ ለማውጣት የተጠቀምኩበት ኤምፒዲኤፍ የሚባለው ላይብረሪ ነው። እንዲህ ያለ ላይብረሪ መጥራት ብቻውን መላውን ፕሮግራም ጂፒኤል ያደርገዋል ወይ የሚለው ያከራክራል። ጠበቃው ግን «የሚያከራክር ነገር ይዤ አልረከብም» አለ፣ ትክክልም ነበር። አውጥቼ በዶምፒዲኤፍ ተካሁት፣ እሱ ኤልጂፒኤል ነው። የአማርኛው ፊደል አራት ማዕዘን እየሆነ እየወጣ፣ ሠንጠረዡ እየተሰባበረ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የዘገየሁበትን ቅጣት ከፈልኩ። መጀመሪያውኑ አንዲት ትእዛዝ ብሰጥ በአንድ ደቂቃ አውቀው ነበር።

ፊደልን ካነሳሁ አይቀር፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ኦኤፍኤል በሚባል የፊደል ላይሰንስ የወጡ ናቸው። ፕሮግራምሽ ውስጥ አስገብተሽ መሸጥ ትችያለሽ፣ ፊደሉን ብቻውን ነጥለሽ መሸጥ ነው የማይቻለው። ከየትም የተገለበጠ ፊደል አትጠቀሚ።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ኮድ ክፍት ሆኖ ገንዘብ የሚሠራባቸው መንገዶች አሉ፣ ሁሉም ግን አንቺ ጋ አይሠሩም።

ትልቁ ምሳሌ ሬድ ሃት የሚባለው ድርጅት ነው። ሊኑክስን ማንም ማውረድ ይችላል። ሬድ ሃት የሸጠው «ሌሊት ቢወድቅ እኛ አለን፣ የደኅንነት ማስተካከያውን ፈትነን እንልክልሃለን» የሚለውን የዓመት ውል ነው። አይቢኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ይሄ መንገድ በትንሹም ይሠራል፣ እኔ ራሴ የምኖርበት ነው። ግን ከመኖሬ በፊት ተቀጥቼበታለሁ። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ ኮሌጅ ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ጫንኩ። ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 ክፍት የሆነ ነው፣ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ዋጋ ማቅረቢያው ላይ «የሶፍትዌር ዋጋ 0 ብር» ብዬ ጻፍኩ፣ ቅን ሆኜ። የፋይናንስ ኃላፊው እሷን መስመር አይቶ «ዕቃው በነፃ ከሆነ አንተ ምን ታስከፍለናለህ?» አለኝ። ተደራድሮ ተደራድሮ የሁለት ቀን የመጫኛ ዋጋ አስቀረልኝ። የጥገና ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። ባክአፑም (መጠባበቂያ ቅጂውም) እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስድስት ወር ሙሉ መጽሐፍ በመጽሐፍ ያስገባችው ነው። ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነበር፣ «ውል የለንም» ማለት አልቻልኩም። ሦስት ቅዳሜና እሑድ በነፃ ሄጄ ከወረቀት ካርዱ አብሬያት አስገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ዜሮ የምትል መስመር አልጽፍም። የምጽፈው የምሠራውን ነው፦ መጫን፣ የነባር መረጃ ማስገባት፣ ሥልጠና፣ በየቀኑ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ባክአፕ፣ እና ዓመታዊ ድጋፍ። ለድጋፉ የመጀመሪያውን ክፍያ አንድ አምስተኛ በየዓመቱ አስከፍላለሁ። «በነፃ አይደለም እንዴ?» ሲሉኝ «ፕሮግራሙ የእናንተ ነው፣ ነገ እኔን ብታባርሩኝ ሌላ ባለሙያ ይቀጥላል፣ የምትከፍሉት ለእኔ ሥራ ነው» እላለሁ። ይህች «ብታባርሩኝ» የምትለዋ ቃል ብዙ በር ከፍታልኛለች። ሻጫቸው ጠፍቶ፣ የይለፍ ቃል ይዞባቸው፣ መረጃቸው ታግቶ የቀረ ድርጅቶች ከተማው ውስጥ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ መሠረቱን ከፍቶ ጣሪያውን መሸጥ ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ኦዱ የሚባለው ኢአርፒ እንደዚያ ነው። ኮሚዩኒቲ የሚባለው ኤልጂፒኤል ነው፣ ሙሉው የሂሳብ አያያዝ ግን የሚከፈልበት ኢንተርፕራይዝ ላይ ነው ያለው። አንቺ የምትጠቀሚበት ላራቬልም ቅርብ ነው። ፈጣሪው ቴይለር ኦትዌል ማዕቀፉን በኤምአይቲ ለቅቆ ፎርጅና ኖቫ የሚባሉትን ተጨማሪ መሣሪያዎች ለብቻ ይሸጣል። የዚህ መንገድ ፈተናው የቱን ከፍቼ የቱን ልዝጋ የሚለው ነው። የከፈትሽው ብቻውን የማይረባ ከሆነ ሰው ማጥመጃ መሆኑ ይገባዋል፣ ይቀየማልም።

ሦስተኛው ድርብ ላይሰንስ ነው፣ ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ያደገበት። ኮዱ በጂፒኤል ክፍት ነው። የጂፒኤልን ግዴታ የማይፈልግ ድርጅት ከፍሎ ሌላ ላይሰንስ ይገዛል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2008 በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገዛቸው። ከዚያ ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል ዊዴኒየስ ኮዱን ይዞ ማሪያዲቢ በሚል ስም ቀጠለ። ነፃነት ማለት እንዲህ ነው፣ ባለቤቱ ቢቀየርም ኮዱ አይታገትም።

ስጦታ መሰብሰብ የሚለውን ግን እርሺው። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው ክፍት የደኅንነት ፕሮግራም የዓለምን ብዙ ድረ ገጽ ሲጠብቅ በዓመት የሚያገኘው ስጦታ 2,000 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2014 ሃርትብሊድ የሚባለው ቀዳዳ ተገኝቶ ሁሉም ሲደነግጥ ነው ትልልቆቹ ኪሳቸውን የፈቱት። እነሱ ያላገኙትን እኛ ከዚህ ሆነን አናገኝም።

የሚያስፈራውንም ልንገርሽ። የሶፍትዌር ድርጅቶቹ ኤላስቲክ በ2021፣ ሃሺኮርፕ በ2023፣ ሬዲስ በ2024 ክፍት የነበረውን ላይሰንሳቸውን ቀየሩ፣ በዋናነት ሌሎች ድርጅቶች፣ በተለይ ትልልቅ የክላውድ (ሰርቨር አከራይ) ድርጅቶች የእነሱን ሥራ እየሸጡ ገንዘቡን ወሰዱብን ብለው። ተጠቃሚው ግን ተናደደ፣ የድሮውን ኮድ ይዘው አማዞን ኦፕንሰርችን፣ ሌሎችም ኦፕንቶፉንና ቫልኪን አቋቋሙ። ኤላስቲክም ሬዲስም በኋላ ኤጂፒኤልን ጨምረው ተመልሰዋል። እኔ የማየው ስህተት መጀመሪያ ላይ ነው። በለቀቅ ላይሰንስ ሰጥቶ በኋላ «ለምን ወሰዳችሁ» ማለት አያስኬድም።

አንቺ ብሆን የማደርገው ይኸው ነው። መጀመሪያ የዘመን መቁጠሪያ መቀየሪያውን ነጥዬ በኤምአይቲ አወጣው ነበር። ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ጳጉሜን 6 ላይ የሚሳሳቱ ላይብረሪዎች ስላስቸገሩን በደንብ ከፈተንሽው ስምሽ ቶሎ ይታወቃል። ከሱ ገንዘብ አትጠብቂ። ሥራ ግን ያመጣልሻል፣ እኔ ሁለት ደንበኛ ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

የፋርማሲውን ፕሮግራም ደግሞ በኤጂፒኤል። «መርካቶ ወስዶ ቢሸጠውስ?» ብለሻል። መሸጥ ይችላል፣ ግን የአንቺን ስም ሳያጠፋ፣ ለገዢውም ኮዱን ከነላይሰንሱ እየሰጠ ነው። ቆልፎ የራሱ ማስመሰል አይችልም። ቆልፎ መሸጥ የሚፈልግ ትልቅ ድርጅት ካለ አንቺ ጋ መጥቶ ሌላ ላይሰንስ ይገዛል። ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። ፕሮግራሙን ፋርማሲው ኮምፒውተር ላይ ስትጭኚ ላራቬል የሚጻፍበት የፒኤችፒ ቋንቋ ኮዱ ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። መቅዳት የፈለገ ዛሬም መቅዳት ይችላል። «ዝግ ነው» ስትይ የነበረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ወረቀቱ ካለ።

ድርብ ላይሰንስ የሚሠራው ግን ኮዱ በሙሉ ያንቺ ሲሆን ነው። የሪፖርቱን ኮድ የጻፈልሽ ጓደኛ ካለ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስፈርሚው፣ ተጣልታችሁ ወይ ውጭ አገር ሄዶ ከጠፋ በኋላ አይሆንም። ወደፊትም ማስተካከያ የሚልክልሽን ሰው ሁሉ አስቀድመሽ አስማሚ። ደመወዝ እየተከፈለሽ የቢሮ ሥራ ሆኖ የጻፍሽው ካለ ደግሞ ውል ውስጥ ሌላ ካልተባለ የአሠሪሽ ነው የሚሆነው፣ ይህንን ሳታጣሪ ምንም አታውጪ። የፕሮግራሙን ስም በንግድ ምልክትነት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢ። ላይሰንሱ ኮዱን ይሰጣል እንጂ ስሙን አይሰጥም። ኮሃን ያሠራው ቤተ መጻሕፍት በ2011 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ስሙን በራሱ ላስመዝግብ ብሎበት ከመላው ዓለም ገንዘብ አሰባስቦ መከራከር ነበረበት።

ገንዘቡ የት ነው ካልሽኝ፣ የፋርማሲ ባለቤት ጊትሃብ ገብቶ ኮድ አያነብም። እሱ የሚፈልገው ወር መጨረሻ ቆጠራ ላይ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ስልክ የሚያነሳለት ሰው ነው። የመጀመሪያ ቆጠራውን ታስገቢያለሽ፣ ሠራተኞቹን ታሠለጥኛለሽ፣ ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ጋር ታስማሚያለሽ፣ ለማይፈልጉት ሰርቨር ላይ አስቀምጠሽ በየወሩ በቴሌብር ታስከፍያለሽ። አራቱ ፋርማሲዎች አርባ ሲሆኑ አንቺ የማትደርሺበት ከተማ ላይ ሌላ ልጅ ኮዱን ወስዶ ሊሠራበት ይችላል። ይሥራ። የሚያገኘውን ስህተት ይነግርሻል፣ ማስተካከያም ይልክልሻል፣ ከባዱን ሥራ ደግሞ አንቺ ጋ ያመጣዋል።

ትልቁ ሥራ ራሱ ወደዚህ እየመጣ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በሚባል ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት መድረክ ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበሰበው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ክፍት ሲስተም ነው። ለሁለቱም የሚያውቃቸው ሰው ይፈለጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ኮዱን ከፍቶ ያነበበ ነው።

አሁን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። «ኮምፖዘር ላይሰንስስ» ብለሽ የሚወጣውን ዝርዝር እዚሁ ለጥፊልኝ፣ በተለይ ሪፖርቱን በምን እንደምታወጪው ማየት እፈልጋለሁ። ከአራቱ ፋርማሲዎች ጋር የፈረምሽው ውል ካለም ስለ ኮዱ ባለቤትነት የሚለውን አንቀጽ ስሞቹን አጥፍተሽ በውስጥ ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አያቸዋለሁ።